ለሊክተንስታይን ሽማግሌ የሆንኩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን የአባቴን አፓርትመንት ሳጸዳ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አንድ ሰፊ ካርቶን አገኘሁ። አፍንጫዬን ሳስጠጋው አሁንም ሙጫ ሙጫ ይሸታል። መሐሉ ላይ በባለቀለም እርሳስ የሳልኩት ተራራ፣ ተራራው ላይ ግንብ፣ ከላይ ደግሞ በትልልቁ «ሊክተንስታይን» የሚል ጽሑፍ አለ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። አለቀስኩ ብል ያምርልኝ ነበር፤ ግን አላለቀስኩም፣ ኮራሁ።

ነገሩ የሆነው ከአዲስ አበባ በዲቪ አሜሪካ በመጣን በዓመቱ ነው። ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። እንግሊዝኛው ይገባኛል፤ ክፍል ውስጥ ግን አፌን አልከፍትም። አንዴ ስናገር ስለሳቁብኝ ያ በቅቶኝ ነበር። አስተማሪያችን አገሮችን በዕጣ ስታድል ለእኔ የደረሰኝ ስሙ እንኳ ምላስ የሚያስር አገር ሆነ። ወላጆች ባሉበት ቆሞ ስለ አገሩ መናገር ደግሞ ግዴታ ነበር።

«አሟታል በልልኝ» አልኩት አባቴን።

አባቴ በሥራ ቀን ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና ያቆም ነበር፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ሽማግሌ ነው። ከሮክቪል እስከ አሌክሳንድሪያ ሚስት የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ የሚደውለው ለእሱ ነበር። እሱን ልኮ እምቢ የተባለ የለም ይባላል፤ እሱም አያስተባብልም።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» አልኩ፣ ለመከላከያ ያህል።

«እህልም አይገባበትም» አለኝና መነጽሩን አደረገ። «በይ ንገሪኝ፣ የማን ልጅ ነው?»

«ማን?»

«ፕረዘንት የምታደርጊው አገር ነዋ! ሳይታወቅ እንዴት ሽማግሌ ይኮንለታል?»

ከዚያ የሙሽራ ዘር እንደሚያጣራ ሰው ጠየቀኝ። ጎረቤቶቹ እነማን ናቸው? ስዊዘርላንድና ኦስትሪያ፤ መሐላቸው ተሸጉጦ ነው የሚኖረው። ጸባዩስ? ወታደር የለውም፣ ከማንም አይጣላም። «ጨዋ ነው» አለ አባቴ። ቤተሰቡስ? ልዑል አለው፤ የልዑሉ ግንብ ከዋና ከተማው በላይ ተራራው ላይ ነው። «አሃ፣ የባላባት ልጅ!» የሚገበያየው ግን በስዊዘርላንድ ገንዘብ ነው ስለው ፊቱ ተቀየረ። «የራሱ የለውም? ምን ሆኖ?» ባሕር እንደሌለው፣ ጎረቤቶቹም ባሕር እንደሌላቸው ስነግረው ደግሞ አጨበጨበ።

«እንደኛ ነዋ! በይ ከዚህ ጀምሪ።»

«ከጉድለቱ?»

«አዎ፣ ከጉድለቱ። እኔ ሰው ቤት ስገባ የልጁን ጉድለት ራሴ አስቀድሜ ነው የምናገረው። ሌላ ሰው ካወራው ሐሜት ይሆናል። ደግሞ ሳይሰሙሽ እንዳትቀመጪ! ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም።»

ቀኑ ሲደርስ አባቴ ከሥራ አስፈቅዶ፣ ለሽምግልና የሚለብሰውን ሱፍ ለብሶ መጣ። በመስኮቱ የገባው የከሰዓት ፀሐይ ካርቶኔ ላይ ወድቋል። መፍራቴን ያየችው አስተማሪያችን አዘነችልኝና ወንበር ሳበችልኝ፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው አለችኝ። አባቴን አየሁት። ጣቱን በትንሹ ነቀነቀ።

ወንበሩን ገፋ አድርጌ ቆምኩ።

«አገሬ ባሕር የለውም» ብዬ ጀመርኩ በእንግሊዝኛ። «ጎረቤቶቹም የላቸውም።» ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ። እኔ ግን ቀድሜ ተናግሬዋለሁና የሚስቅበት ነገር አልተረፈውም። ግንቡን፣ ልዑሉን፣ ድንበሩ ላይ የሚፈሰውን ወንዝ፣ ሰላሙን አንድ በአንድ ተናገርኩ። ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ። ስጨርስ «እንግዲህ ፍርዱ የእናንተ ነው» አልኩ። ይሄኔ አባቴ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ በአማርኛ «ሰጥተናል!» ሲል ክፍሉን አናወጠው። ምን እንዳለ የገባው ሰው አልነበረም፤ ጭብጨባው ግን ቀለጠ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

አባቴ አሁን አሌክሳንድሪያ ማገገሚያ ውስጥ ነው። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ያ ስንቱን ያጋባ አፍ ተይዟል። ቤቱን የማጸዳውም ከእኔ ጋር እንዲኖር ልወስደው ስለሆነ ነው።

ትናንት አዲስ ነርስ ተመደበችለት። አልጋው አጠገብ ያለውን ወንበር አሳየችኝ፤ አልተቀመጥኩም።

«አባቴ አይናገርም» አልኳት በመጀመሪያ። «ሁሉንም ግን ይሰማል።» ከዚያ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ጸባዩን፣ ስንት ቤት እንዳቆመ ነገርኳት። እሷም ሥራዋን ትታ ሰማችኝ።

ስጨርስ አባቴ ደህነኛውን እጁን ከአንሶላው ሥር አወጣና ወንበሩን አመለከተኝ።

ተቀመጥኩ።