የማሩ ፀጉር እስኪመለስ

መጀመሪያ ያየሁት ትራሱን ነው። ጠዋት አልጋውን ላነጥፍ ስገባ ውኃ የተደፋበት ይመስል ርሶ አገኘሁት። አጥቤ በረንዳ ላይ አሰጣሁት። በማግስቱም እንደዚያው። ሙቀት ነው እንዳልል ክረምት ነበር፣ መስኮቱ ተዘግቶም ይበርዳል። "ማሩዬ፣ ምን እንዲህ ያልብሃል?" ብዬ ብጠይቀው፣ "ሁሉም በሰደር ነው፣ ሳፍታ" አለኝ። በሰደር በዕብራይስጥ ደኅና ማለት ነው። ሳፍታ ይለኛል፣ አያቴ ማለቱ ነው።

ማሩ የልጄ ልጅ ነው። እናቱ ትንንሾቹን ይዛ ቤኤር ሼቫ ከተማ ትኖራለች። እሱ ከሠራዊት ሲወጣ እዚህ ፔታህ ቲክቫ ከተማ መጋዘን ውስጥ ሥራ አገኘና ክፋር አቭራሃም ሰፈር ካለው ቤቴ ገባ። ሁለታችን ብቻ ነን። ሠራዊት እያለ ሲላጭ የኖረውን ፀጉር ከወጣ ወዲያ መቀስ አላስነካውም፤ ትከሻው ላይ ደርሶለት ነበር። እኔ መጀመሪያ ላይ ደስ አላለኝም። ኋላ ግን ከአውቶቡስ ሲወርድ ገና ከሩቅ በፀጉሩ ስለየው ለመድኩት።

ይህን የምጽፈው ሰው ታሞባት፣ ድኖላት፣ ግን ገና ከክፍሉ አልወጣ ላላት ሴት ነው። ትምህርት ቤት የሚባል ደጃፉን አልረገጥኩም። ፊደሉን የለየሁት እዚሁ ሞዓዶን በሚሉት የአዛውንቶች መሰብሰቢያ ውስጥ፣ ካረጀሁ በኋላ ነው። ነገሬ ወዲያ ወዲህ ቢልባችሁ ታገሱኝ።

ከላቡ በኋላ አንገቱ ሥር እብጠት ወጣ። አያምም አለ። እኔ አለማመሙን ፈራሁት። ኩፓት ሆሊም በሚሉት የሰፈሩ ክሊኒክ ያለችው ሐኪም በጣቷ ዳበሰችውና ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላከችን። እዚያ ከእብጠቱ ቆንጥረው ወሰዱ፤ ባዮፕሲ ይሉታል። ውጤቱን ልንሰማ ስንገባ አስተርጓሚ አልነበረም። ዶክተሯ በዕብራይስጥ ተናገረች። ማሩ ራሱ ወደ አማርኛ መለሰልኝ።

"ሆጅኪን ሊምፎማ ነው፣ ሳፍታ። ካንሰር ነው። የሚድን ዓይነት ነው አለች።"

ሦስት ነገር ነው ያለኝ። የሰማሁት የመካከለኛውን ነው።

አውቶቡስ ውስጥ ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ "ለማንም እንዳትነግሪ። እያዩኝ እንዲያለቅሱ አልፈልግም" አለኝ። እሺ አልኩ። እኛስ ዱሮም ቢሆን የዚህን በሽታ ስም መች እንጠራለን? ለእናቱ ብቻ ነገርን። ሥራ ስላላት የምትመጣው ለሰንበት ነው። ሌላው ሰው ሲጠይቀኝ፣ "ኤላት ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄደ" አልኩ።

ከቤታችን በታች አግዳሚ ወንበር አለ። እኛ የጎንደር አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ከሰዓት በኋላ እዚያ ነው የምንቀመጠው። መሄድ ተውኩ። ከሄድኩ ስለ ኤላት ይጠይቁኛል፤ ኤላትን እኔ አይቻት አላውቅ። በወጥ ቤቱ መስኮት አያቸዋለሁ። ሲስቁ ይሰማኛል።

ኪሞቴራፒው ጀመረ። በደም ሥሩ ይሰጡታል። ያስመልሰዋል። ውኃ እንኳ ብረት ብረት ይለኛል አለ። ከዚያ አንድ ጠዋት ትራሱ ደረቅ ነበር። ፀጉር ነበረበት። በእጄ ሰበሰብኩት። የት እንደማደርገው አላወቅኩም። ማሩ መላጫ ማሽን ይዞ ወጣና፣ "እጄ ከጀርባ አይደርስልኝም፣ ላጪኝ" አለኝ።

በአገራችን ሴት ራሷን የምትላጨው ሰው ሲሞትባት ነው። እኔ የቆመውን ልጅ ላጨሁት። አላለቀስኩም። ጨርሼ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ውኃውን ከፈትኩት።

መድኃኒቱ አለቀ። ፔት ሲቲ የሚሉትን ምርመራ ተነሣና ዶክተሯ፣ "ንጹሕ ነው። እየመጣህ እንከታተልሃለን እንጂ አሁን ሂድና ኑር" አለችው። ስንወጣ ግን፣ "ፀጉሩ መጀመሪያ የሌላ ሰው ፀጉር ይመስላል። አትደንግጡ፤ ጊዜ ይፈልጋል" ብላ ጨመረች። እኔ በደስታዬ ይህን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ፀጉር ምንድን ነው? ነፍሱ ተርፋለች።

ማሩ ግን፣ "ፀጉሬ ሲመለስ ሥራ እገባለሁ" አለና በሩን ዘጋ።

ፀጉሩ መጣ፤ አመጣጡ ግን ልክ እንዳለችው ነበር። መጀመሪያ እንደ ጫጩት ላባ ለስላሳ ሆነ። ከዚያ ጎንና ጎኑ ከጆሮው በላይ ወደ ውጭ ሸሸ፣ ማጅራቱ ላይ ተድበለበለ፣ አናቱ ላይ ግን ሳሳ። አጭር እንዳይባል ረዝሟል፣ ረጅም እንዳይባል የትም አይደርስ። እዚያ ሲደርስ ማሩ መስተዋት ያይና በማሽኑ ሙልጭ ያደርገዋል። ከተላጨ ደግሞ መልሶ በሽተኛ ይመስላል፣ በዚያ መልክ አይወጣም። እንደገና ይጀምራል። እንደገና ይላጫል። ከመጋዘኑ ይደውላሉ፣ አያነሣም። በሽታው ያልጨረሰውን ክፍሉ ሊጨርሰው ነው ብዬ ፈራሁ። ምግቡን በሩ ሥር አስቀምጬ ወጥ ቤት ብቻዬን እበላለሁ። ስልኬም ሲጮህ ዝም እለዋለሁ፤ ምን ብዬ ላውራ?

አንድ ከሰዓት ማሩ የተሰጣ ልብስ ሊያነሣ ባዶ ራሱን በረንዳ ወጣ። ዘነቡ ከታች ከአግዳሚው ላይ ሆና አየችው። ዘነቡ የአገሬ ልጅ ናት፣ ከልጅነት የምንተዋወቅ። ኤላት ነው የተባለ ልጅ ቤት ተመልሷል። ጢሙ አልተላጨም። ፀጉሩ እንደዚያ ሆኗል። እዚህ አገር ደግሞ ሐዘንተኛ ወንድ ወር እስኪሆነው ፀጉሩን እንደማይነካ ሁሉም ያውቃል። እኔም ከሰው ጠፍቻለሁ። ዘነቡ ይህን ሁሉ ደመረችና ሰው ሞቶባቸዋል አለች። ሄዳ ሰው ጠራች።

ብዙም ሳይቆይ ደረጃው ላይ ዋይታ ሰማሁ። በሩን ብከፍት ዘነቡ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ "ወየው ወርቄ! ወየው እህቴ!" ትለኛለች። ከኋላዋ ከአግዳሚው ሽማግሌዎች አንዱ፣ አያ ቢተው፣ የፕላስቲክ ወንበር ተሸክሟል፣ ሌሎቹ የታሸገ ውኃ። በኛ ልማድ ሰው ተሰብስቦ እያለቀሰ ደጅሽ ከመጣ መርዶ ነው። ጎንደር ሆኖ ወደዚህ አገር ለመምጣት ተራውን የሚጠብቅ ወንድም አለኝ። እሱ ነው አልኩ።

"ፈረደ! ወንድሜ ፈረደ!" ብዬ ወደቅኩ።

"ፈረደ ነው ለካ!" አለች ዘነቡ። "ወየው ፈረደ! ወየው!" እያለች አብራኝ ወደቀች።

አያ ቢተው ወንበሩን አስቀምጦ ኮፍያውን አወለቀና፣ "ደግ ሰው ነበር" አለ። አይቶት አያውቅም።

የማሩ በር ተከፈተ። "ማን ሞተ?"

"አባባ ፈረደ ነዋ፣ ልጄ! አንተ እያወቅህ!" አለች ዘነቡ።

"ፈረደ? ዛሬ ጠዋት እኮ ድምፁን ልኮልኛል!" ስልኩን አውጥቶ ከፈተው። የወንድሜ ድምፅ ቤቱን ሞላው፦ "ማሩ፣ ምነው እህቴ ስልክ አታነሣም? ተኳርፈናል እንዴ?"

ዘነቡ እንባዋን ሳትጠርግ፣ "ታዲያ ማን ነው የሞተው?" አለች።

"እኔ ምን አውቄ! መርዶ ይዛችሁ የመጣችሁት እናንተ!"

"እኛማ የልጁን ፀጉር አይተን ነው!"

ማሩ እጁን ወደ አናቱ ሰደደ። ኮፍያ አለማድረጉ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለው። አሁን ይመለሳል፣ በሩን ይዘጋል፣ አበቃ አልኩ። ቆመ። እያየሁት ጆሮው ቀላ።

"ማንም አልሞተም፣ እትዬ ዘነቡ። እኔ ታምሜ ነው። ካንሰር ነበረብኝ። ድኛለሁ። ፀጉሬ እያደገ ነው።"

እኔ በአፌ ጠርቼው የማላውቀውን ስም በሰው ፊት ጠራው። ዘነቡ ደረቷን መታች። ወደ እኔ ዞራ፣ "ይህን ሁሉ ለብቻሽ? እኔ እዚህ ታች ተቀምጬ?" አለችኝ። ወደ እሱ ዞረችና ደግሞ፣ "እኔስ ምን ያለ ክፉ ሐዘን ቢሆን ነው ልጁን እንዲህ ያስመሰለው ስል!" አለች።

አያ ቢተው ወንበሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። "ሞተም አልሞተም፣ ይኼን ሁሉ ደረጃ ወንበር ተሸክሜ ወጥቼ ሳልቀመጥበት አልወርድም።"

ማሩ ሳቀ። ሳቁ እንዲህ ያለ እንደነበር ረስቼው ነበር። የለቅሶውን ውኃ ከፍተን እየጠጣን አመሸን።

ዘነቡ ያኔውኑ አጠገቧ አስቀምጣው ፀጉሩን በጣቷ ፈተሸችው። ረዘም ያለውን ትንንሽ አድርጋ ጠቅልላ አስያዘችው፤ አዲስ ፀጉር ደካማ ስለሆነ ከሥሩ እንዳይጎተት ላላ አድርጋ ነው። በማግስቱ አያ ቢተው ገበያው አጠገብ ካለ ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ይዞት ሄደ፣ እሱም ማጅራቱንና የጆሮውን ዙሪያ ብቻ አሳጥሮ አናቱን ተወው። የሚያስጠላው ይኸው ነበር ለካ፤ ጎንና ኋላው ከላዩ ቀድሞ ማደጉ። ከዚያ ወዲያ ማሽኑን አልነካም። ዘነቡ በየዓርቡ እየመጣች እየፈታች ትሠራዋለች፣ እኔ ደግሞ ጥጡ ትራስ ፀጉር ይነቅላል ስትለኝ የሚያንሸራትት ጨርቅ ገዝቼ የትራስ ልብስ ሰፋሁለት። ቅቤ ልቀባው ፈልጌ ነርሷ በሕክምናው ጊዜ ከልክላኝ ነበር፤ ኋላ ዶክተሯን አስጠይቄ ትንሽ ዘይት ተፈቀደልን። እናንተም ሳትጠይቁ ምንም አትቀቡ።

ፀጉሩ ጆሮውን ሲሸፍን ማሩ መጋዘኑ ተመለሰ። አሁን ኤም ሃሞሻቮት ሰፈር ከጓደኛው ጋር ይኖራል። ቤቱ እንደገና ጸጥ ብሏል፤ ጠዋት አንዳንዴ ሳላስበው ትራሱን ልዳብስ እገባለሁ። ደረቅ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ የተኛበት የለም። ይህም ደኅና ነው። ከሰዓት ወደ አግዳሚው እወርዳለሁ።

እውነቱን ላልደበቀችን ዶክተር፣ ክንዱን እያሻሸች ደም ሥሩን ለፈለገችለት ነርስ፣ የሰንበት ዕረፍቷን በመንገድ ለጨረሰች ልጄ ፈጣሪ ይስጥልኝ። ለዘነቡ ምን እንደምል አላውቅም። ያልሞተ ወንድሜን አብራኝ አልቅሳለች።

እናንተ ደግሞ፣ የታመመው ሰው አትንገሩ ቢላችሁ፣ ቢያንስ አንድ ሰው አስፈቅዳችሁ ንገሩ። ፀጉሩ ሲያስጠላው፣ ፀጉር ምንድን ነው አትበሉት፤ እኔ ብዬ ነበር። ጎኑን አስተካክሉለት፣ ላዩን ተዉለት። በር ሲንኳኳም ክፈቱ። የመጣው ሰው ተሳስቶ የመጣ ቢሆንም ይግባ፤ ወንበሩን ይዞ ይግባ።