«ላርስ ነው የምሄደው»

ሞላሌ ከተማ፣ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ካለችው የማመልከቻ ጸሐፊ ቤት ሥራ የጀመርሁ ዕለት፣ አለቃዬ መጀመሪያ ያሳዩኝ ታይፑን አልነበረም። ለባለጉዳይ የምትቀመጠውን በርጩማ ነበር። ጋሽ ወንዳፍራሽ ይባላሉ፤ ራፖር በመጻፍ ያረጁ ሰው ናቸው።

«ባለጉዳይ እዚህ ይቀመጣል» አሉኝ። «ተናግሮ እስኪጨርስ ጣትሽ ቁልፍ አይንካ። ከዚያ ያለውን ጻፊ እንጂ የመሰለሽን አትጻፊ።» ያን ዕለት አንዲት የድንበር ክስ ሦስት ጊዜ አስጻፉኝ። ሦስተኛውንም አልወደዱትም።

ታይፑ ቀርቶ ኮምፒውተር ሲመጣ ሥራውም ተለወጠ። በድንበር ይካሰስ የነበረው ሰው ልጆቹ ውጭ አገር ገቡ፤ እሱም ክሱን ትቶ የቪዛ ቅጽ አስሞላኝ ይል ጀመር። የልደት ቀን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መመለስ፣ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የአባት ስም ማስገባት፣ የመሬት ይዞታ ደብተር ማስተርጎም፣ ቀጠሮ ማስያዝ የኔ ሥራ ሆነ። ከሁሉ የሚያናድደኝ «እንደምትመለስ በምን እናምናለን?» የሚለው ነገር ነው። ከቤቷ ውጭ አድራ የማታውቅ ሴት እመለሳለሁ ብላ በማስረጃ እንድትምል ይፈለጋል።

እትዬ ደብሪቱ የመጡት በገበያ ቀን ነበር። ከሞላሌ ወጣ ብሎ ገብስ የሚያመርቱ፣ በግ የሚያረቡ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። ልጃቸው የሺ ውጭ አገር አግብታ የመጀመሪያዋን አርግዛለች፤ ስድስተኛ ወሯ ነው። ባሏ ፈረቃ ሠራተኛ ነው፤ ሌላ ሰው አጠገቧ የለም።

«ልጄን ላርስ ነው የምሄደው» አሉኝ በርጩማዋ ላይ ተቀምጠው። «የገንፎ ዱቄቱን ጨርሻለሁ። ወረቀቱ ነው የቀረኝ።»

በእኛ አገር እናት የወለደች ልጇን ታርሳለች። ታገነፋላታለች፣ ገላዋን ታጥባታለች፣ ሕፃኑን ተቀብላ ታስተኛታለች። እኔንም እናቴ ሁለት ጊዜ አርሳኛለች። ቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን ሳጥን የለም፤ ያለው «ጉብኝት» ነው። «ልጅ ለመጠየቅ» ብዬ ሞላሁ።

«ቱሪስት ይሆናሉ እንግዲህ» አልኋቸው።

«ካሜራ ሳይኖረኝ?» ብለው ሳቁ።

ለቀጠሮው ወደ ኤምባሲው ሲሄዱ «ሲጠይቁዎት አይፍሩ፤ ለእኔ እንዳሉኝ ይናገሩ» ብዬ መከርኋቸው። የጋሽ ወንዳፍራሽን ትምህርት መስጠቴ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ተመለሱ። ፓስፖርቱ ባዶ ነው፤ ውስጡ አንዲት ወረቀት አለች። «የጉዞዎ ዓላማ ሥራ መሆኑን ስለተረዳን ጥያቄዎን አልተቀበልንም» ትላለች። አንብቤ አላመንሁም። ኤምባሲው መስኮት ላይ የተባባሉትን አንድ በአንድ እንዲነግሩኝ ለመንኋቸው።

«አስተርጓሚው ‹እዚያ ሄደሽ ምን ልትሠሪ ነው?› አለኝ። እኔን አሮጊቷን አንቺ! ‹ላርስ ነዋ› አልሁት። ‹ማረስ ትችያለሽ?› አለኝ። ይኼ ይጠየቃል? ‹ስንቱን አርሻለሁ!› አልሁት። ‹ሥራ ነው እንግዲህ› አለ። ‹ሥራ ነዋ፣ ያውም ቀን ሌት የሌለው!› አልሁት። ለፈረንጁ ነገረው፤ ፈረንጁም ጻፈ።»

ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የመጣ አንድ መምህር ገብቶት ሳቀ። ወረቀቱን ሰጥቼ ከቤት አስወጣሁት። እትዬ ደብሪቱ ግን አልገባቸውም ነበር። ከስልሳ ዓመት በላይ የሆናቸው ሴት ሞፈርና ቀንበር ይዘው ባሕር ሊሻገሩ ነው ብሎ ያሰበ ሰው እንዳለ ሳስረዳቸው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ያን አስተርጓሚ ዛሬም ድረስ አልማረውም። አማርኛ ተናጋሪ ነኝ ብሎ ደመወዝ ይበላል፤ እናቱን ማን እንዳረሳት ግን ጠይቆ አያውቅም። አንድ ጊዜ «ማንን ነው የሚያርሱት?» ቢል ምን ይጎድልበት ነበር? ፈረንጁስ ቢሆን፣ ከፊቱ የቆመችውን ሴት ቀና ብሎ ማየት አይችልም?

እየተሳደብሁ ሁለተኛውን ቅጽ ስሞላ ግን ንዴቱ ወደ ራሴ ዞረ። ቃሉን መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ነኝ። ለወረቀቱ «መጠየቅ» ብዬ ለውጬዋለሁ፤ ለአፋቸው ግን አልለወጥሁላቸውም። ወረቀቱ ሌላ፣ አፋቸው ሌላ አለ። የኔ ጆሮ እርሻውን አልሰማም፤ ምክንያቱም አራስ ቤት ተኝቼ የማውቅ የዚሁ አገር ሰው ነኝ።

ሁለተኛው ቀጠሮ የደረሰው የሺ በወለደች በስምንተኛው ቀን ነው። እትዬ ደብሪቱ አርባው ቀን ሳይሞላ እደርሳለሁ ብለው ሄዱ። እዚህ ደጋግመን እንደተለማመድነው «ልጄን ልጠይቃት ነው» ብቻ አሉ። አሻራ ሰጡ፤ ጠብቂ ተባሉ። የሺ በስልክ ስታለቅስ እሳቸው ገንፎ አገነፋፉን ለአማቻቸው ይነግሩት ነበር።

ፓስፖርቱ የመጣው ሕፃኑ ክርስትና ከተነሳ በኋላ ነው። ቪዛው ተለጥፎበታል። ደስ ብሎኝ ብድግ አልሁ።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«ለጉብኝት ይላል፣ እትዬ። ሄደው ማየት ይችላሉ።»

«ለማየትማ በስልኩ አየሁት» አሉ። «እኔ ልጄ በምጥ ስትታመም ልይዛት ነበር። አሁን እሷ እኔን ልታስተናግድ ነው?»

ብለምን ባስለምን አልሄዱም። የገንፎውን ዱቄት ለጎረቤታቸው አራስ ሰጡት። ቪዛው ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ ጊዜው አለፈ።

ዛሬ ይህን ሥራ ለጀመራችሁ የምለው አጭር ነው። የጋሽ ወንዳፍራሽ ትምህርት ለፍርድ ቤት ይሠራል፤ ዳኛው የሞላሌ ሰው ነውና። ለቪዛ ግን ባለጉዳዩ ያለውን ከጻፋችሁ በኋላ፣ ኤምባሲው መስኮት ላይ የሚናገረውን እዚሁ ጮክ ብሎ እንዲናገር አድርጉ፤ እንደ አገሩ ሰው ሆናችሁ ግን አትስሙት። እኔ በርጩማዋን ወደ በሩ አዙሬ፣ የማያውቀኝ ሰው ሆኜ ከውጭ ቆሜ እሰማለሁ።