ከአምስት አንዱ

ደምለው የቢቸና ልብስ ሰፊ ነበር፤ የስፌት መኪናውን አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ዘርግቶ ይውላል። ሲሰፋ መርፌውን በከንፈሩ ስለሚይዝ ብዙ አያወራም። ካርታ ፊት ሲቀመጥ ግን አፉ አያርፍም። ፖከር የተማረው አሥመራ በቀን ሠራተኝነት በኖረበት ዘመን ነው። ቀበሌው ቁማር ስለከለከለ እሱና ጓደኞቹ እሑድ እሑድ በክብሪት እንጨት ይጫወቱና ይኳረፉ ነበር። ለክብሪት እንጨት ያን ያህል መኳረፍ ምን ይሉታል!

ደምለው በዕድል አያምንም፤ የሚያምነው እሱ «መውጫ» በሚለው ነገር ነው።

«በእጅህ ካሉት አምስት ካርታዎች አራቱ ቀይ ልብ ናቸው እንበል» ይላል። «ሌላዋን ጥለህ፣ አምስቱም አንድ ዓይነት ሆነው እንዲያሸንፉልህ አምስተኛውን ቀይ ልብ ትጠብቃለህ። ካርታው ሃምሳ ሁለት ነው፤ አምስቱን አይተሃል፣ አርባ ሰባቱን አላየህም። ከነዚያ ውስጥ ቀይ ልቡ ዘጠኝ ነው። ዘጠኝ መውጫ አለህ ማለት ነው። አምስቴ ብትሞክር አንዴ ብታገኝ ነው። ታዲያ ለዚች ብለህ ክብሪትህን ሁሉ ታፈሳለህ?»

እሱ አያፈስም። ካርታውን አጥፎ ይተዋል። ጓደኞቹ ፈሪ እያሉ ይስቁበታል፤ ወደ ማታ ግን ክብሪቱ እሱ ፊት ተከምሮ ይገኛል። ታናሽ ወንድሙ ውበቴ በዚህ ይኮራ ነበር። ወላጆቻቸው ካለፉ ወዲህ ያሳደገው ደምለው ስለሆነ፣ ጋሼ ያለው ሁሉ ለውበቴ ልክ ነው።

ብሔራዊ ውትድርና በታወጀ በዓመቱ ቀበሌው ሁለት ሰው አምጣ ተባለ። ዕድሜያቸው የደረሰ ጎረምሶች ዐሥር ነበሩ። ሊቀ መንበሩ የእናቶችን ልቅሶ መጋፈጥ ስላቃተው ነገሩን ለሽማግሌዎች ጣለው፤ እነሱም ዕጣ ይውጣ አሉ።

ያን ሰሞን የሞጣው ጨርቅ ነጋዴ ሙሐመድጣሂር እንደ ወትሮው ለደምለው ጨርቅ ይዞለት መጥቶ ነበር። ወሬውን ሲሰማ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

«ልጁን ስጠኝና ሞጣ ይዤው ልሂድ። እኔ ቤት ይክረም። ሚስቴ ጀዋሂር እንደ ልጇ ነው የምታየው።»

ደምለው አሰበ። መንገድ ላይ ፍተሻ አለ፤ ከሸሹት ግማሾቹ ተይዘዋል። ዕጣው ግን ከዐሥር ሁለት፣ ማለትም ከአምስት አንድ ነው። ዕድሜ ልኩን አይመጣም እያለ ካርታ ያጠፈበት ቍጥር ነው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ይቆይ» አለ። «ከአምስት አራቱ የእኛ ነው።»

«እኔ ቍጥሩን አላውቅም» አለ ሙሐመድጣሂር። «ለልጁ ብዬ ነው።»

ውበቴም «ጋሼ ካለ አለቀ» ብሎ ቀረ።

በአገሩ ወግ ዕጣ የሚጥል ሰው የራሱን ምልክት ይሰጣል፤ የትኛው የማን እንደሆነ ያላየ መንገደኛ ተጠርቶ ያወጣል፤ ምልክቱ የወጣበት ይሄዳል። ጎረምሶቹ እግራቸው ሥር ያገኙትን አነሡ፤ ገለባ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የክር ቁራጭ፣ ላባ፤ አንዱ ጠጠር ያዘ። ውበቴ ምን ላድርግ ብሎ ወደ ወንድሙ ዞረ። ደምለው ከኪሱ ትልቅ የካፖርት ቁልፍ አውጥቶ ሰጠው። ከልብስ ሰፊ ኪስ ሌላ ምን ይወጣል?

ምልክቶቹ ኮፍያ ውስጥ ገቡ። ከገበያ የምትመለስ ወለተ ሥላሴ የምትባል ባልቴት ተጠራች። ፊቷን አዙራ እጇን ሰደደች። መጀመሪያ የወጣው ቁልፉ ነው። ቀጥሎ ጠጠሩ ወጣ።

ሌሎቹ ተመስገን ሲሉ ደምለው ኮፍያውን አንሥቶ ወደ ውስጥ አየ። የቀረው ገለባ፣ ቅጠል፣ ክር፣ ላባ ነው። ያኔ ገባው። ካርታ ጀርባው አንድ ነው፣ ውፍረቱም አንድ ነው፤ እጅ አይመርጥም። እዚህ ግን ጣት መጀመሪያ የሚያገኘው የሚጨበጠውን ነው።

በማግስቱ ምልምሎቹን የጫነው መኪና በደጀን በኩል ሊሄድ ሲል፣ ውበቴ ከላይ ጎንበስ ብሎ ሊያጽናናው ሞከረ።

«ምን ታደርገዋለህ ጋሼ፣ ዕድል ነው።»

«ዕድል አይደለም» አለ ደምለው። «ቁልፉን የሰጠሁህ እኔ ነኝ። ሴትዮዋ እጅ የገባው ጠንካራ ስለሆነ ነው። አንተ ገለባ ይዘህ ቢሆን ኖሮ ትቀር ይሆን ነበር።»

በውበቴ ፊት ላይ የታየው ቁጣ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ወንድሙ የሚሳሳት አይመስለውም ነበር። ሾፌሩ ሞተሩን ሲያስነሣ የደምለውን እጅ ጨብጦ ያዘ።

«እመለሳለሁ ወይ?»

ደምለው ከየቤቱ ስንቱ ወደ ጦር ሜዳ እንደሄደ፣ ስንቱ እንደተመለሰ ያውቅ ነበር።

«ትመለሳለህ» አለው፣ ሳያሰላ።