ቲቸር ጥሩዓለም እኔን አላስተማሩኝም

ዛሬ ጠዋት ወንድሜ ሙሉቀን ከአማኑኤል ከተማ ደወለልኝ። «ቲቸር ጥሩዓለም አረፉ» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት። እውነቴን ነው፣ ከዘጋሁት ያልሆነ መስሎኝ ነው።

አሁንም አላመንኩም። በቀደም እኮ ደብረ ማርቆስ ገበያ አይቻቸዋለሁ፤ ሽንኩርት እያገላበጡ ከነጋዴዋ ጋር ይሳሳቁ ነበር።

ለማታውቋቸው፣ ቲቸር ጥሩዓለም ሒሳብ አልገባ ያላቸውን ልጆች ከትምህርት በኋላ ሰብስበው የሚያስተምሩ መምህር ነበሩ። ትምህርት ቤታችን ጓሮ ያለችው ጠባብ ክፍል የሳቸው ነበረች። ሙሉቀን ታላቄ ነው፤ ክፍል ደግሞ ከኔ እኩል ነበር። እሱ እዚያ ገባ። እኔ አንደኛ ስለምወጣ አልገባሁም።

ዛሬ «እናቴ» እያላችሁ ፌስቡኩን የሞላችሁት ሁላችሁም የዚያች ክፍል ልጆች ናችሁ። አንድ በአንድ አንብቤያችኋለሁ። እርር ድብን ብያለሁ።

እዚያ ክፍል ጠመኔ የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ በአሥር በአሥር የታሰረ ጭራሮ፣ ባቄላ፣ የተቆራረጠ ካርቶን በእጅ ይነካል። ቀጥሎ የነካኸውን ትስላለህ። ቁጥር የሚጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። ትክክል ብትመልስም እንኳ «እስቲ በእጅህ አሳየኝ» ይላሉ። ሙሉቀን ይህቺኑ አባባል ቤት ድረስ ይዟት መጣ። እናታችን ዕድሜዋን ስትናገር ሳይቀር «እስቲ በእጅሽ አሳዪኝ» ይላት ነበር።

አንድ ቀን ግማሽን ለሩብ አካፍሉ የሚል የቤት ሥራ ተሰጠን። እኔ ገልብጬ አባዝቼ ሁለት ብዬ ጨረስኩ። እሱ እራት ላይ የቂጣውን ግማሽ አንስቶ፣ በዚህ ውስጥ ስንት ሩብ አለ ነው የሚለን አለና ከሁለት ቆረሰው። አባታችን ወደኔ ዞሮ፣ አንቺስ ለምንድን ነው የምትገለብጪው አለኝ። እንዲህ ነው የሚሠራው አልኩ። ሙሉቀንን እንደገና አሳየኝ አለው። ቂጣዬን ሳልበላ ተነሳሁ።

እኔም ካልገባሁ አልኩ። ፈተና ላይ ሆን ብዬ ሁሉንም ተሳስቼ ወረቀቱን ይዤላቸው ሄድኩ። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩት። ይሄን እንዴት አገኘሽው አሉኝ፣ ሳይቆጡ።

«ልጄ፣ ያልገባው ልጅ ሲሳሳት የመጣበት መንገድ አለው። እኔ መንገዱን ተከትዬ ነው የምመልሰው። አንቺ ዝም ብለሽ ነው ቁጥር የጻፍሽው። ወንበሩን ለሚቸገረው እንተውለት» አሉና በር ድረስ ሸኙኝ።

አልሄድኩም። በመስኮት አየሁ። ሙሉቀን ጭራሮውን ሲፈታ ሲያስር፣ እሳቸው ጉንጫቸውን ደግፈው ከጎኑ ቁጭ ብለው ይጠብቁታል። አያጣድፉትም፣ አይነግሩትም። እኔን ማንም እንዲያ ጠብቆኝ አያውቅም። ጎበዝ ልጅ ምን ተብሎ ይጠበቃል?

ዛሬ ሙሉቀን አማኑኤል ላይ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። የቲቸር ቤተሰቦች ነገ አስከሬኑን ከሚሸከሙት አንዱ እንዲሆን ጠርተውታል። እኔ ባንክ ነው የምሠራው፤ ስደምር ስቀንስ ነው የምውለው። ለቅሶ ቤት ስደርስ «አንቺስ ተማሪያቸው ነበርሽ?» አሉኝ። የሙሉቀን እህት ነኝ አልኩና ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። እሱ ሲገባ ግን ልጆቻቸው ተነስተው አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። በዚያ ሐዘን መሀል እንኳ ቀናሁ፣ ምን ላድርግ።

ቲቸር፣ ደህና ይሂዱ። ነገ ልጆችዎ ሁሉ ከፊት ይሆናሉ፤ እኔ ከኋላ እከተላለሁ። እነሱ ስላስተማሯቸው ነው የወደዱዎት። እኔ ምንም ሳያስተምሩኝ፣ ከሩቅ እያየሁ ነው የወደድኩዎት። ማንም ምን ቢጽፍ፣ የኔ ይበልጣል።