ፍራሽ ውስጥ የተኛው ጠመንጃ

ፍራሽ ሰሪውን ሰፈሩ «ጋሽ ጠርጥር» ነበር የሚለው። ከዓመታት በፊት ሜትር የያዙ ሰዎች መጥተው ሱቁን ለኩ። «ለማወቅ ያህል ነው፣ አይስጉ» አሉት። መንገዱ ሲሰፋ የሱቁ ግማሽ አብሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ትልቅ ፍራሽ ሲሰፋ ጫፉ በበሩ ይወጣል፤ እግረኛው ዞሮ ያልፋል።

ስለዚህ የድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና «መሣሪያ ያለው ሁሉ ያስመዝግብ» እያለ ሲዞር፣ የአባቱን አሮጌ ጠመንጃ አስቦ የሱቁን በር ዘጋ።

ልጁ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነርስ ናት። ምሳ ላይ «አባዬ፣ አስመዝግበውና ይለፍልህ» አለችው።

«ሱቁንም አስለክቼ ነበር።»

«ትናንት የመጣልን ልጅ ወንድሙ ነው በጥይት የመታው። ሲቀልዱ። ቢመዘገብ ቢያንስ የት እንዳለ ይታወቃል።»

«እኔም የፈራሁት መታወቁን ነው» ብሎ እጁን ሊታጠብ ተነሳ።

በማግስቱ ጠመንጃውን በጨርቅ ጠቅልሎ አንድ ፍራሽ ውስጥ፣ ከጥጡ መሀል ሰፋበት። ለሚስቱ አልነገራትም፤ እሷ ለእህቷ ትነግራለች፣ እህቷ ደግሞ ለሀገር። ከዚያ ጥጥ ሊገዛ ወጣ። ሲመለስ ፍራሹ የለም።

«ሸጥኩት» አለች ሚስቱ ደስ ብሏት። «ያውም ሳይከራከረኝ ነው የገዛው።»

«ማን?»

«የፖሊስ ጣቢያው ሳጅን።»

ጋሽ ጠርጥር ጥጡ ላይ ቁጭ አለ።

እንቅልፍ ሲያጣ ሰንብቶ በመጨረሻ ሳጅኑ ቤት ሄደ።

«ሳጅን፣ ያ ጥጥ እርጥበት ሳይኖረው አይቀርም። በነፃ ልቀይርልህ መጣሁ።»

«እርጥበት እንኳ የለውም» አለ ሳጅኑ። «ጎን ይወጋል እንጂ።»

ጎንበስ ብሎ ከአልጋው ስር ጥቅሉን አወጣ። «ማን እንደሚመጣ ልይ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ለምን አላስመዘገቡትም ጋሼ?»

«ይወስዱብኛል ብዬ።»

«እነማን?»

ጋሽ ጠርጥር ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የደንብ ልብስ አየ። «እናንተ።»

ሳጅኑ አልተቆጣም። በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የአባቴ መሣሪያ ቤተሰብ ጋ አለ። እኔም አላስመዘገብኩትም። የተሰበሰበ መሣሪያ የሚቀመጥበትን መጋዘን ቁልፍ ስንት ሰው እንደያዘ አውቃለሁ።»

ጋሽ ጠርጥር ሳጅኑ የሰጠውን ጥቅል ፍራሹ ውስጥ መልሶ፣ ፍራሹን ተሸክሞ ወጣ። ደስ ይለኛል ብሎ ነበር፤ መንግሥትን አለማመኑ ልክ መሆኑን ፖሊስ ራሱ መስክሮለታል። ግን ደስ አላለውም። ሚስቱ ፍራሹን ልጆች ላሉት ሰው ሸጣው ቢሆንስ? ያ ወንድሙ የመታው ልጅ ከፊቱ አልጠፋ አለው።

ለልጁ ሁሉንም ነገራት። ሳትስቅ አዳመጠችው። ብዙ ተከራክረው አንድ ነገር ላይ ተስማሙ፤ ጠመንጃውን የሚያስተኩሰውን ብረት ፈትቶ ሰጣት፤ እሷም ሥራ ቦታዋ ወስዳ ቆለፈችበት።

መዝጋቢዎቹ ሱቁ ሲደርሱ «መሣሪያ አለ?» አሉት።

«የሚተኩስ የለም።»

አንደኛው ቀና ብሎ አየው። ጋሽ ጠርጥርም መርፌውን ሳይነቅል መልሶ አየው። ሰዎቹ በር ላይ የወጣውን ፍራሽ ዞረው ወደ ቀጣዩ ሱቅ አለፉ።