ምርጊት ያልያዘው ግድግዳ

ሙያዬ ቤት መምረግ ነበር። ጭድና ጭቃ እስካለ ድረስ የማይያዝልኝ ግድግዳ አለ ብዬ አላስብም ነበር።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ ከሃያ ሁለት ወደ ቦሌ ሲወረድ ያለው የሰፈራችን ወጣት ቲያትር ቤት እንሥራ ብሎ ተነሣ። ቦታው የአንድ ባለርስት ግቢ የነበረ ነው። ትልቁን ቤት ቀበሌው ይዞታል፤ በጓሮ ያሉት የፈረስ ጋጣና ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች ግን በራቸው በሰንሰለት ታስሮ ዓመታት ከርመዋል። ወጣቶቹ መሃል መሃሉን አፍርሰው አንድ አዳራሽ አደረጉት። ቆርቆሮ ከየቤቱ መጣ፤ መድረኩን ከአሮጌ በርና ከሣጥን ጣውላ ገጣጠሙት። ሰብሳቢያቸው ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ምርጊቱን እኔ በነጻ እሠራለሁ አልኩ።

ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክቼ ስድስት ቀን አሳደርኩት። ሦስቱ ግድግዳዎች ሳያስቸግሩኝ ያዙ። አራተኛው፣ በጋጣው በኩል ያለው ረጅሙ፣ በማግስቱ ስመጣ ወርዶ አገኘሁት። ሁሉም ቢወርድ ባልገረመኝ። የወረደው ግን እየዘለለ፣ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ደግሜ መረግሁ፤ እዚያው እዚያው ወረደ። ሦስተኛ ጊዜ እበት ጨምሬ መረግሁ። ቆሜ እያየሁት፣ ሰው ከተቀመጠበት እንደሚነሣ፣ ቀስ ብሎ ከግድግዳው ተለየ።

ጭቃው የወረደባቸውን ቦታዎች ቆጠርኳቸው፤ ዘጠኝ ናቸው። ስፋታቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል። ጣቴን ሳሳርፍበት ያንሸራትታል፤ ድሮ ቅቤ የተቀባ ይመስላል። እኩለ ቀን ነው፣ ፀሐይ በበሩ ገብታለች፣ እጄን ግን ቶሎ መለስኩት።

ወጣቶቹ፣ ጋሼ ጭቃው አኩርፎዎታል፣ ሽማግሌ ይላኩበት እያሉ ይስቁብኛል። መምህሩ ደግሞ የፈረስ ላብ ለዘመናት የጠጣ ግድግዳ ነው አሉኝ። አመንኩ። ፈረስ ጎኑን ሲታከክበት ግድግዳ ይወዛል፤ አገር ቤት አይቻለሁ። ስለዚህ የሽቦ ወንፊት በምስማር መትቼ በላዩ ሲሚንቶ እንድለስን ተስማማን። መክፈቻው እሑድ ከሰዓት ነው።

ዓርብ ረፋድ ላይ ሽቦውን ስቆርጥ አንዲት የሰፈራችን እናት ገቡ። ለጣሪያው እንጨት አዋጥተው ነበርና ሥራውን ሊያዩ የመጡ መሰለኝ። ግድግዳውን ሲያዩ ቆሙ። ምን ሆኖ ነው አሉኝ። መምህሩ እንዳሉት የፈረሶቹ ነገር ነው አልኳቸው።

«ፈረስ ግድግዳ ተደግፎ አይቀመጥም፣ ወንድሜ» አሉ።

ቀበሌው በደርግ ጊዜ እዚያ ሰው ያጉር እንደነበር የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ስንት ሳምንት ስናፈርስና ስንሠራ ግን አንዳችንም አላነሣነውም። ጭቃዬን የሚጥለው የሰው ጀርባ ወዝ ነበር።

የእኒህ እናት ወንድ ልጅ እዚያ ታስሮ ነበር። በየቀኑ ስንቅ በር ላይ ያቀብሉ ነበር፤ አንድ ጠዋት ከእንግዲህ አታምጪ ተባሉ። መቃብሩን እስከዛሬ አያውቁትም። የት ጋ እንደተቀመጠ እንኳ የነገራቸው የለም። አሁን ጎንበስ ብለው እያንዳንዱን ከመሬት በስንዝራቸው እየለኩ ሄዱ። እኔ ሽቦውን ይዤ ቆሜያለሁ። ከጥጉ ያለው ከሌሎቹ አንድ ስንዝር ይረዝማል። እዚያ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«ረጅም ነበር» አሉ። ሽቦውን አዩና ደግሞ፣ «ትደፍነዋለህ?»

«አልደፍነውም፣ እናቴ» አልኳቸው።

መምህሩን ማሳመን ቀላል አልነበረም። ሰው ሊስቅ በሚመጣበት ቤት እንዲህ የተላላጠ ግድግዳ እንዴት ይታያል አሉ። ብዙ መናገር ስለማልችል፣ እስቲ ቁጭ ብለው ይደገፉት አልኳቸው። ቁጭ አሉ። ጀርባቸው ልክ ገባ። ተነሥተው ሱሪያቸውን አራገፉና ሽቦውን ራሳቸው ጠቅልለው ወሰዱት።

እሑድ በዚያ ግድግዳ ሥር ሰሌን አነጠፍኩ። አዳራሹ ሞልቶ በር ላይ ሰው ይጋፋል፤ ሰሌኑ ላይ ግን የተቀመጠ የለም። የግድግዳውን ነገር ለማንም አልነገርንም። አንዲት ቆማ የምታይ ሴት፣ ያውና ቦታ፣ ተቀመጪ ብላት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችውና «ተይዟል መሰለኝ» አለችኝ።

እኒያ እናት ኋላ መጡ። ጫማቸውን አውልቀው ሰሌኑን ረገጡና ከጥጉ ተቀመጡ። ቀስ ብለው ተደገፉ። ጭንቅላታቸው የልጃቸው ትከሻ ከነበረበት ከፍታ አላለፈም።

ቲያትሩ የሚያስቅ ነበር፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን ዓይኔን ከእሳቸው አላነሣሁም። መሃል ላይ ወደ ጎናቸው ዘወር አሉና፣ ለሚቀመጥ ሰው ቦታ እንደሚለቅ፣ ነጠላቸውን ወደ ራሳቸው ሰበሰቡ። አጠገባቸው ማንም አልነበረም።