በዳንግላ የዓረቦች ሰፈር የተረገጠው ትሪ

ጥር ነው፤ የእህቴ ሠርግ ደርሷል። በጃንሆይ ዘመን ለድግስ የሚሆን ስኳርና ቴምር በአንድ ጊዜ ለመሸመት ከእንጅባራ ዳንግላ መውረድ ነበረብን። አክስቴ እትዬ ጥሩነሽ «ዕቃ መምረጥ አንተ አታውቅም» ብለው አብረውኝ ተነሡ። መኮንን የሚባል ሹፌር በጭነት መኪናው አሳፈረን። እሱ ጋቢና ሆኖ ሲዘፍን፣ እኛ በእህል ጆንያ ላይ ብርዱ ጆሯችንን እየቆረጠው አዲስ ቅዳምን አልፈን፣ አቧራ ለብሰን ገባን።

የዓረቦቹ ሰፈር

ከየመን የመጡ ነጋዴዎች ሱቆች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ደጃፉ ላይ ቴምር በቅርጫት፣ ቅርንፉድ በጆንያ፣ ላምባ በበርሜል። ወሩ ረመዳን ስለነበር ባለሱቆቹ ከንፈራቸው በጾም ደርቋል። ሐጂ ሳልህ የሚባሉ ሽማግሌ ከአክስቴ ጋር በአገውኛ ተከራከሩ።

«ይኼ ዓረብ ከእኔ በላይ አገው ሆነ!» ብለው አክስቴ ሳቁ።

ሐጂ የስኳሩንና የቴምሩን ዋጋ ቀነሱልን፤ «ለሙሽራዋ» ብለውም እፍኝ ዘቢብ ጨመሩ። በሱቁ ደጃፍ ሚስታቸው ዘሀራ፣ የዳንግላ ተወላጅ፣ ለማፍጠሪያ የሚሆን ሳምቡሳ ትሸጣለች። ቀኑን ሙሉ ስትጠብስ አንዱንም አልቀመሰችም።

ዕቃችንን መኪናው ላይ ጭነን እንዳበቃን መኮንን መጣ። ከትሪው አንድ ሳምቡሳ አንሥቶ በላ፤ ሁለተኛም ደገመ። ዘሀራ ሒሳቡን ስትጠይቀው ፊቱን አጨፈገገ።

«የእስላም ሥጋ አበላሽኝ እንዴ?»

«ምስር ነው ጌታዬ። ሥጋ ያለበትን ለክርስቲያን አንሸጥም።»

«ውሸታም!» ብሎ ትሪውን በጫማው መታው። ሳምቡሳው አፈር ላይ ተበተነ። ቆሞ ያየው ገበያተኛ ሁሉ ሳቀ።

ደሜ ፈላ። ኮቱን ጨምድጄ ያዝኩት። «ሁለት ከዋጥክ በኋላ ነው ሃይማኖትህ ትዝ ያለህ? ክፈላት!»

«አርፈህ ተሳፈር፤ አለዚያ በእግርህ ትኳትናለህ!»

አክስቴ ሊገላግሉን የመጡ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን መኪናው ላይ ወጥተው የስኳሩን ጆንያ ወደ ጫፍ ጎተቱ። «ተቀበለኝ» አሉኝ።

«ሠርጉ እኮ ከነገ ወዲያ ነው!»

«ይሁና! የልጄን የሠርግ ስኳር በዚህ ባለጌ መኪና አላስጭንም።»

መኮንን እየተሳደበ ሄደ። ዘሀራ ሳምቡሳውን እየለቀመች አፈሩን ታራግፋለች። ብትጮህ፣ ብትራገም ይቀለኝ ነበር። አዛን ሲሰማ ሐጂ ሳልህ በቴምር አፈጠሩ፤ ለእኛም አቀረቡልን። አክስቴ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከእስላም ቤት ኩባያ ውኃ ጠጡ። እዚያው አደርን።

መልስ

በማግስቱ ሐጂ ባዋሱን አህያ ስኳሩንና ቴምሩን ጭነን ተጓዝን። አዲስ ቅዳም ዘመድ ቤት አድረን፣ እግራችን ተላልጦ እንጅባራ ስንደርስ ዳሱ ተጥሎ ሙሽራው እየተጠበቀ ነበር።

አባቴ ጮኹብን። «ለአንድ ትሪ ሳምቡሳ ብላችሁ?»

«የጾመኛ ሴት የቀን ሙሉ ድካም ነው!» አሉ አክስቴ። «አንተ ብትኖር ትስቅ ነበር?»

አባቴ ስኳሩን ራሳቸው ተሸክመው አስገቡ።

ባለጌው አንድ ሰው ብቻ ቢሆን ንዴቴ መንገድ ላይ ይበርድ ነበር። ዳንግላን ለቀን ስንወጣ ግን ከሳቁት መካከል ሦስቱ ሐጂ ሳልህ ሱቅ ደጃፍ ቆመው «እባክዎ፣ የስኳሩን ዋጋ ይቀንሱልን» ሲሉ ሰምቻለሁ። ሐጂም ቀነሱላቸው።